ነጥብ የሌለው ቃል

«ምላጩ ደነዘ!» ብሎ ጮኸ አንድ ልጅ፣ አፉን በሚኒሚዲያው ክፍል የመስኮት ሽቦ ላይ ለጥፎ። «ከእንግዲህ ሽንኩርት እንኳን አይከትፍም!»

«አንተስ መች ተስለህ ታውቃለህና ነው?» አለች ደወል፣ ማይኩን ሳትዘጋ።

መልሷ በግቢው ስፒከሮች ሁሉ ወጣ። ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ልጁም ሳይወድ በግዱ እየሳቀ ከመስኮቱ ተንሸራቶ ወረደ።

ሰረዝ ብቻ አልሳቀችም። በክፍሉ ጥግ፣ አንድ እግሩ በታጠፈ ካርቶን በተደገፈ ጠረጴዛ ላይ አቀርቅራ ቀጣዩን አንቀጽ ታርማለች። ለእሷ እንዲህ ያለ መልስ የሚመጣላት ቤቷ ገብታ ጫማዋን ካወለቀች በኋላ ነው። ደወልን ግን ምላሷ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃታል።

«ቀጥሎስ?» አለች ደወል በሹክሹክታ፣ እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ።

ሰረዝ ወረቀቱን አቀበለቻት። ደወል አንዴ በዓይኗ ገረፍ አደረገችውና፣ ልክ አሁን ከራሷ ልብ የፈለቀ ይመስል ማንበብ ጀመረች። ሜዳው ጸጥ አለ። ኳስ የሚጫወቱት እንኳን ኳሷን በእግራቸው ረግጠው ቆሙ።

የሁለቱን ትክክለኛ ስም ከስም መጥሪያው መዝገብ በቀር የሚያስታውስ የለም። ሰረዝን ሰረዝ ያሏት የቋንቋ መምህሩ ናቸው። ስትናገር በየመሀሉ ቆም፣ ቆም ስለምትል «አንቺ ነጠላ ሰረዝ ነሽ» ብለው ቀለዱ፤ ክፍሉ «ነጠላ»ን ጣለና «ሰረዝ»ን አስቀረ። ደወል ስሟን ያገኘችው በድምጿ ነው። የትምህርት ቤቱ ደወል የተበላሸ ሰሞን ጥበቃው እሷን በር ላይ አቁመው ተማሪውን አስገብተዋል ይባላል። እሷም አታስተባብልም።

ሥራቸው የተከፈለው ያኔ ከመጀመሪያው ነው። ሰረዝ ትጽፋለች፤ ደወል ታነባለች። ደወል አንዴ ዋና መምህሩን ለተማሪው ስታስተዋውቅ «ዋና» የሚለውን ቃል አላልታ ስላነበበችው፣ ሰውየው በመላው ግቢ ፊት የዋና መምህር ሆነው ቁጭ አሉ። እስከ ዛሬ ድረስ ከቢሮ ብቅ ሲሉ ከተማሪው መሀል እጁን እንደ ዋናተኛ የሚያወናጭፍ አይጠፋም። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰረዝ ጠብቆ የሚነበበው ፊደል አናት ላይ በቀይ እስክሪብቶ ነጥብ ታደርጋለች። ነጥብ ካለ ይጠብቃል። ነጥብ ከሌለ ይላላል። በሁለቱ መሀል የተደረገ ቃል ኪዳን ነበር።

ሰው ግን ነጥብ አያይም። ሰው የሚሰማው ድምፅ ነው። እረፍት ሲያልቅ ተማሪው ተንጋግቶ መጥቶ ደወልን ይከባታል። «እንዴት ነው የምትናገሪው አቦ! ቃላቱን ከየት ነው የምታመጪያቸው?» ይላታል። ደወልም «ኧረ የሰረዝ ጽሑፍ ነው» ትላለች፤ ሁልጊዜም ትላለች። ግን እየሳቀች ስለምትለው እንደ ትሕትና ይቆጠርላታል። ሰረዝ ወረቀቶቿን ትሰበስባለች። ፈገግ ትላለች። ቅናት ጠባብ ጫማ ነው፤ አብሮሽ የሚሄድ ሰው አያየውም፣ አንቺ ግን እያንዳንዱን እርምጃ ታውቂዋለሽ።

ሳምንቱን ሙሉ ግቢውን ለሁለት የከፈለው የምላጭ ሦስተኛ አልበም ነበር።

ምላጭ ከዚሁ ትምህርት ቤት የወጣ ራፐር ነው። የመጀመሪያ አልበሙ «ስለት» ሲወጣ ታክሲው፣ ጸጉር ቤቱ፣ ጋራዡ ሁሉ እሱን ብቻ ያጫውት ነበር። ትንፋሽ ሳይወስድ ይሮጣል፣ ይቆርጣል፣ ይሰድባል። ሁለተኛው አልበሙ «ሁለት ፊት» ከመጀመሪያውም የባሰ ሆነ፤ ሌሎቹን ራፐሮች አንድ በአንድ አስቀምጦ ላጫቸው። ሦስተኛው በጉጉት ሲጠበቅ፣ ሲጠበቅ፣ መጣና ሁሉም ተደናገረ። ድምፁ ዝቅ ብሏል። ሩጫው የለም። ስድቡ የለም። ራፕ ይሁን ወሬ እስከማይለይ ድረስ አንድ ሰው አጠገብህ ቁጭ ብሎ የሚያወራህ ይመስላል። ከበሮ እንኳን የለውም፤ ከሥር «ትክ፣ ትክ፣ ትክ» የሚል ነገር ብቻ። አንዱ ባቡር ነው ይላል። ሌላው ዝናብ ነው ይላል። «አሮጌ ፍሪጅ ነው፤ ኩሽና ውስጥ ነው የቀዳው» ያለም አለ።

ከሁሉ በላይ ያሳቀው ስሙ ነው፦ «ይሰማል»። ሁሉም ሰው አጥብቆ ነበር የሚያነበው፤ ስሜ ይሰማል፣ ዝናዬ ይሰማል እንደማለት። «ጉራውን እየው!» ይላሉ የተናደዱት። «ይሰማል ይላል እንዴ? ስፒከሬን ጨርሼ ከፍቼ እንኳን ምንም አልተሰማኝም!» የወደዱት ደግሞ ለምን እንደወደዱት መናገር አቅቷቸው «እናንተ ፋራ ስለሆናችሁ ነው» ብቻ ይላሉ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነ ክርክሩ።

ሰረዝ ከወደዱት ናት። ደግሞም ምላጭን መጀመሪያ ያገኘችው እሷ ናት። «ስለት» በወጣ ሰሞን አንዱን የጆሮ ማዳመጫ ለራሷ፣ አንዱን ለደወል አድርጋ በክፍሉ የኋላ ወንበር ያሰማቻት እሷ ናት። ያኔ ደወል ማዳመጫውን ከጆሮዋ ነቅላ «ምንድነው ይሄ ጩኸት?» ብላ ነበር። ዛሬ «የኔ ምላጭ» ትላለች።

ማክሰኞ ዕለት ከትምህርት በኋላ፣ ሰረዝ የዩኒፎርም ቀሚሷን ይዛ ከጤና ጣቢያው ጀርባ ወዳለች አንዲት ልብስ ሰፊ ሄደች። ቁመቷ ሳታስበው ተመዞ ቀሚሱ ጉልበቷ ላይ ስለቀረ፣ እናቷ «እጥፋቱን አስለቅቂ» ብላ ልካት ነው። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ በአበባ መጋረጃ ለሁለት ተከፍሏል። ፊት ለፊት የስፌት መኪና፣ የጨርቅ ክምር፣ የተሰባበረ ጠመኔ። ልብስ ሰፊዋ ሴትዮ በርጩማ ላይ አቆሟትና፣ ከንፈራቸው መሀል ስፒሎች ነክሰው ጠርዙን ይለኩ ጀመር።

ከመጋረጃው ጀርባ ዝቅ ያለ ድምፅ ይመጣል። ሰረዝ ጆሮዋን ቀሰረች። ራሱ ነው!

«እትዬ፣ እርስዎም ምላጭን ይሰማሉ እንዴ?»

«እ…ምም» አሉ፣ በስፒሎቹ መሀል።

ሰረዝ ከማታውቀው ሰው ጋር ማውራት አትወድም። ያን ቀን ግን ደስታው አስለፈለፋት። «እኔ ወድጄዋለሁ፤ ትምህርት ቤት ግን ሁሉም ሰው እየሰደበው ነው። ድምፁ ሞቷል፣ አብቅቶለታል፣ ምላጩ ደንዟል ነው የሚሉት—»

የሴትዮዋ እጅ ቆመ። ስፒሎቹን ከአፋቸው አውጥተው መዳፋቸው ላይ አደረጉና በአገጫቸው ወደ መጋረጃው አመለከቱ።

«ቀስ በይ ልጄ። ይሰማል።»

አላልተው ነው ያሉት። ዝና አይደለም፤ እዚያ የሚሰማ ሰው አለ ማለታቸው ነው። ሰረዝ በርጩማው ላይ እንደቆመች ቀረች። በመጋረጃው ክፍተት አልጋ፣ ብርድ ልብስ፣ ብርድ ልብሱ ላይ የተዘረጋ የማይንቀሳቀስ የወንድ እጅ፣ ትራሱ አጠገብ ደግሞ ጡጫ የምታህል ስፒከር ታየቻት። ከአልጋው በላይ ግድግዳው ላይ የአንድ ልጅ ፎቶ ተሰቅሏል፤ የለበሰው የእሷኑ ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ነው። ቅንድቡ ምላጭ ራሱ።

«የኔ ልጅ ነው» አሉ ሴትዮዋ። «የተኛው አባቱ ነው፤ ከታመመ ወዲህ አይናገርም፤ ዓይኑን ብቻ ያንቀሳቅሳል። ሐኪሙ ሲወጣ ‹መናገር አይችልም፤ ግን ይሰማል› አለን። ልጄ ይህን ሰምቶ የመቅጃ ዕቃውን ሁሉ ይዞ መጣና እዚያች ወንበር ላይ ተቀመጠ። ወር ሙሉ ሲያወራለት ከረመ። እኔ ሥራዬን ላቁም ብል ‹አታቁሚ እማዬ፣ እሱ የለመደው የመኪናሽን ድምፅ ነው› አለኝ።»

ወደ መኪናው ዞረው የቀሚሱን ጠርዝ ከመርፌው ሥር አስገቡና ፔዳሉን ረገጡ። ትክ፣ ትክ፣ ትክ።

ሰረዝ «ስለት»ን ከዳር እስከ ዳር በቃሏ ትለዋለች። በዚያ አልበም ሁሉም የሚወደው፣ እሷም አንገቷን እየነቀነቀች የዘፈነችው ቁራጭ አለ፤ «ስምህን ውሰድ፣ እኔ የራሴን ስዬአለሁ» እያለ አባቱን የሚቆራርጥበት። አሁን ያ ስንኝ ጭንቅላቷ ውስጥ ጮኸባት፤ መጋረጃው ጀርባ ያሉት ሰው እንዳይሰሙት ፈራች።

«ጓደኞችሽ ከጠየቁ ንገሪያቸው» አሉ ሴትዮዋ ቀሚሱን እያጠፉላት። «የምንደብቀው ነገር የለም።»

ወደ ቤቷ እየሮጠች ነው የሄደችው። ለደወል የምትነግራትን ዓረፍተ ነገር እስክትተኛ ድረስ ተለማመደችው፦ ላልቶ ነው፣ አንቺ፣ ላልቶ ነው!

ጠዋት ክፍል ስትደርስ ግን ደወል ጠረጴዛ ላይ ወጥታ ትዘላለች፤ ዙሪያዋን ሰው ከቧታል።

«ሰረዝ! ምላጭ ሊመጣ ነው! ዓርብ! እዚህ! እኔ ነኝ የምጠይቀው!»

የቋንቋ መምህሩ በሩ ላይ ቆመው ፈገግ ብለዋል። ምላጭ ድሮ የእሳቸው ተማሪ ነበር፤ ቤተሰቡን ለማየት መምጣቱን ሰምተው በእረፍት ሰዓት ለሚኒሚዲያው እንዲቆይ ለምነውት እሺ ብሏል። «ደወል ትጠይቀዋለች» አሉ። «ሰረዝ፣ ጥያቄዎቹን አንቺ ታዘጋጂያለሽ። ድምፅ ያላት እሷ፣ እጅ ያላት አንቺ።»

«እሺ ቲቸር» አለች ሰረዝ።

ደወል ከጠረጴዛው ዘላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። «ምላጬን ፊት ለፊት! አስቢው እስቲ! ምን ልልበስ?»

ምላጬ። ሰረዝ ጉሮሮዋ ላይ የደረሰውን ዓረፍተ ነገር መልሳ ዋጠችው። ለምን ትነግራታለች? ምላጭን ሰጠቻት፣ ቃላቷን ሰጠቻት፤ የቀራት ይህ አንድ ነገር ነው። ይህንንም ከሰጠቻት ደወል ዓርብ ዕለት በማይክ ትናገረዋለች፣ ሜዳውም «ከየት ነው የምታመጪው?» ይላል።

ማታ እራት ላይ እናቷ አየት አደረገቻት። «ምን ሆነሻል? ከምላስሽ ጋር ተጣልተሻል እንዴ?»

«ምንም።»

«ደግ ነው። ዝም አይነቅዝም» አለች እናቷ ሳህኑን እያነሳች።

ሐሙስ ጥያቄዎቹን ጻፈች። የመጀመሪያው ጥያቄ ሳትፈልገው ራሱ መጣላት፦ «ሦስተኛው አልበምህ ‹ይሰማል› ይላል። ማን ነው የሚሰማው?» አላልቶ ላነበበው፣ ጆሮውን ሰጥቶ የሚያዳምጠው ማን ነው ይላል። አጥብቆ ላነበበው ደግሞ፣ ድምፁ የወጣለት፣ ዝነኛው ማን ነው ይላል። ፊደሎቹ ያው ናቸው። ቀዩን እስክሪብቶ አነሳችና ሌሎቹን ጥያቄዎች ሁሉ በጥንቃቄ ነጠበች። እዚህኛው ላይ ምንም አላደረገችም። ማድረግም የለባትም፤ የሚላላ ቃል ነጥብ የለውም። ሕጉ ነው። ደወል አይታ ብታላላው ጥሩ። አጥብቃ ብታነበው… ያ የደወል ጉዳይ ነው።

ግን ደወል ሳምንቱን ሙሉ እንደ ሁሉም ሰው አጥብቃ ስትጠራው እንደሰነበተች ታውቃለች። ወረቀቱን ስትሰጣት «ይቺን ልብ በይ» የሚል ሦስት ቃል ብቻ ይበቃ ነበር። አላለችም።

ዓርብ፣ እረፍት ሊደወል ሲል፣ መምህሩ ወደ ክፍሉ ጎራ ብለው ወረቀቱን ከሩቅ አዩት። «ነጥቦችሽን አድርገሻል?»

«አዎ ቲቸር። አድርጌያለሁ።»

ምላጭ እንደ ፎቶው ቅንድባም ነው፤ ከዚያ ውጪ ሰረዝ ካሰበችው ያንሳል። ሰንሰለት የለውም፣ ጥቁር መነጽር የለውም። እግሩ በካርቶን የተደገፈውን ጠረጴዛ አይቶ «ይቺ እስካሁን አለች?» ብሎ ሳቀ። «ካርቶኑን ያደረግኩት እኔ ነኝ።»

መስኮቱ በፊቶች ተሞላ። ደወል ማይኩን ከፈተች።

«እንኳን ደህና መጣህ! ቆይ፣ መጀመሪያ ይሄን እናጥራ፦ ‹አንተ› ልበልህ ወይስ ‹አንቱ›?»

«‹አንቱ› ካልሽኝ በመስኮቱ ነው የምወጣው።»

ሜዳው ሳቀ። ደወል ወንበሯን ጠጋ አደረገች። ሰረዝ ከጥጉ የጓደኛዋን ጀርባ ታያለች፤ የተሠራ ጸጉሯን፣ ቀጥ ያለ ትከሻዋን። እዚያ ወንበር ላይ ራሷን ለማሰብ ሞከረች። አፏን ከፍታ፣ ቆም ብላ፣ ቆም ብላ… ተወችው።

«እሺ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ» አለች ደወል ወረቀቱን አንስታ። «ሦስተኛው አልበምህ ‹ይሰማል› ይላል። ማን ነው የሚሰማው?»

አጠበቀችው። ሁለቱንም ጊዜ፣ ጥርሷን ነክሳ ማለት ይቻላል፣ አጠበቀችው። አጥብቃም አልበቃት፣ እንደ ልማዷ ከራሷ ጨመረችበት፦ «ምክንያቱም እውነቱን ልንገርህ፣ እዚህ ግቢ ስፒከር እስኪቀደድ ከፍተን እንኳን ምንም የተሰማን ነገር የለም!»

ሜዳው በፉጨት ደባለቀው። «ደነዘ! ደነዘ!» የሚል ዜማ ከኳስ ሜዳው በኩል ተነሳ። ደወል እየሳቀች ማይኩን ወደ ምላጭ አዞረች።

እሱ አልሳቀም። ፊቱ ላይ የነበረው ነገር ሁሉ እንደ መብራት ጠፋ። የአውራ ጣቱን ጥፍር እያየ ዝም አለ፤ ዝምታው በስፒከሮቹ ሁሉ ወጥቶ ግቢውን ሞላው። ዜማው አንድ በአንድ ረገበ።

ሰረዝ ይህን ቀን ከሐሙስ ጀምራ ብዙ ጊዜ በሐሳቧ አይታው ነበር። ደወል ስታፍር አይታለች። ተማሪው ደወልን ሲታዘብ አይታለች። የእሱን ፊት ግን አላየችም ነበር። አልጋው ላይ የተዘረጋው እጅ ትዝ አላት። ሦስት ቃል ነበር የሚበቃው። ዝም አይነቅዝም ያለ ሰው የእሷን ሆድ ከፍቶ አላየም።

«ላልቶ ነው» አለ ምላጭ በመጨረሻ።

«እ?» አለች ደወል።

«አልበሙ። ላልቶ ነው የሚነበበው።»

ደወል ወረቀቱን ቀና አድርጋ ዓይኗ ሥር ወሰደችው። ሰረዝ ወደ እሷ እስክትዞር፣ «ምነው አልነገርሽኝም?» እስክትል ጠበቀች። መልሷ ተዘጋጅቷል፤ ነጥብ እንዳላደረግኩ አላየሽም?

ደወል ዞራ አላየቻትም። «ነጥብ የለውም» አለች ቀስ ብላ፤ ከዚያ ወደ ማይኩ ጠጋ አለች። «ይቅርታ። ጥያቄውን የጻፈችው ጓደኛዬ ሰረዝ ናት፤ እሷ በትክክል ነው የጻፈችው፣ እሷ አትሳሳትም። ያጠበቅኩት እኔ ነኝ። የጨመርኩትም እኔ ነኝ። እንደገና ልጠይቅህ።» ትንፋሿን ሳበች። ድምጿ ከሰረዝ ድምፅ ያነሰ ሆነ። «ማን ነው የሚሰማው?»

አላላችው።

«አባቴ» አለ ምላጭ።

ከዚያ ሳይጠየቅ ቀጠለ። ስለ አልጋው፣ ስለ ሐኪሙ፣ ስለ እናቱ መኪና አወራ። «‹ስለት› ላይ አባቴን ሰድቤዋለሁ። ሁላችሁም በቃላችሁ ታውቁታላችሁ፤ መንገድ ላይ የማያውቀኝ ሰው ሳይቀር ይዘፍንልኛል። ያኔ ሰምቶ ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ‹ስትጮህ አልሰማህም።› ተናድጄ ሁለተኛውን አልበም የባሰ ጮህኩበት። አሁን መልስ መስጠት በማይችልበት ሰዓት ዝቅ ብዬ መጣሁ። ሰው ደነዘ ይላል፤ ይበል። ለእናንተ የሚሆን ሌላ እሠራለሁ። ይሄኛው የሱ ነው።»

«የሰማህ ይመስልሃል?» አለች ደወል። ይህ ጥያቄ ወረቀቱ ላይ አልነበረም። ሰረዝ መቼም ልትጽፈው አትችልም ነበር።

ምላጭ እጁን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ። «ሲያልቅ ዓይኑን ወደ ስፒከሩ ያዞራል። እናቴ እንደገና ትከፍተዋለች።»

ደወሉ ተደወለ። ወደ ክፍል የሮጠ ሰው አልነበረም።

ከትምህርት በኋላ በር ላይ ደወልን እንደ ንብ ሰፈሩባት። «ቀውጢ ነሽ አቦ! መጀመሪያ አሳስተሽ፣ ከዚያ ማስተካከል! ሆን ብለሽ ነው አይደል?» «ቆዳዬ ነው ውርር ያለኝ!» «ነፍስ ነሽ!» ያን ሰሞን በመስኮቱ «ደነዘ» ብሎ የጮኸው ልጅ ሳይቀር «እኔማ ድሮም ጠርጥሬ ነበር» ይላል።

«ኧረ ተዉኝ፤ ተሳስቼ ነው! ጥያቄው የሰረዝ ነው!» ትላለች ደወል። ማን ይሰማታል? ትሕትና አድርገው ወሰዱት።

ሰረዝ ትንሽ ራቅ ብላ አጥሩን ተደግፋ ቆማለች። ጉድጓዱን የቆፈረችው እሷ፤ ደወል ገብታበት ውሃ አገኘችበት። አሁንም፣ ከዚህ ሁሉ በኋላም፣ ደረቷ ውስጥ ያ ጠባብ ጫማ አልወለቀም። ይህ ራሱ አስደነገጣት።

ደወል ከሰው መሀል ተጎትታ ወጥታ ክንዷን ያዘች። «ነይ እንሂድ፣ ሊያደነቁሩኝ ነው።»

በብየዳ ቤቱ በኩል ባለው መንገድ ጎን ለጎን ሄዱ። ደወል ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። የጥያቄዎቹ ወረቀት ነው። «ሲወጣ ፈርምልኝ ብዬው ነበር። ለማን ልበል ሲለኝ ያንቺን ስም ነገርኩት፤ የነጥባችንንም ነገር አጫወትኩት። እንኪ፣ ያንቺ ነው።»

ከመጀመሪያው ጥያቄ ሥር፣ በችኮላ በተጻፈ ፊደል፣ እንዲህ ይላል፦ «ነጥብ ላላደረገችው። ምላጭ።»

ሰረዝ ደግማ አነበበችው። ሕይወቷን ሙሉ ስትመኘው የኖረችውን ነገር ይዛለች።

«ሼም ነው ግን፣ እንዴት እንደዛ ሳቅኩበት!» አለች ደወል። «ፊቱን አየሽው? ዛሬ የምተኛም አይመስለኝ።» ጥቂት ተራመዱ። «ግን አንቺ እንዴት አወቅሽ? ግቢው ሁሉ አጥብቆ ሲያነበው አንቺ ብቻ እንዴት አላላሽው?»

የምር ነበር የምትጠይቃት። ዓይኖቿ ውስጥ አድናቆት እንጂ ሌላ ነገር አልነበረም።

ገመትኩ። መልሱ ይህ ነው። አንድ ቃል፣ ጠብቆ ላልቶ ትርጉሙ የማይለወጥ፣ ማንም የማያጣራው። ልብስ ሰፊዋ ለደወል አይነግሯት፤ ቀሚሷም ረጅም ነው፣ የሚያስኬዳት ነገር የለም። ዛሬ ማታ ወረቀቱን ግድግዳዋ ላይ ትለጥፈዋለች። ሰኞ ደወል በማይክ «የኛ ሰረዝ ብቻዋን ያወቀችው» ብላ ታውጅላታለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ሜዳው የሷን ስም ይጠራል።

ወረቀቱን በጠርዙ አጠፈችው። እንደገና ዘረጋችው።

«ማክሰኞ ነው ያወቅኩት» አለች። «እናቱ ነግረውኝ።»

በዚያው ቅጽበት የብየዳ ቤቱ ሠራተኛ ብረት መቁረጥ ጀመረ። ፍንጣሪው በበሩ ወጥቶ አስፋልቱ ላይ ተበተነ። ደወል እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለችላት።

«ምን አልሽ? አልሰማሁሽም!»

ሰረዝ ቆመች። «ምንም» ማለት ይቻል ነበር፤ ጩኸቱም ይህንኑ የሚጠብቅ ይመስላል።

«ማክሰኞ!» አለች። ድምጿ ከብረቱ በላይ ወጣ፤ ራሷንም አስደነገጣት፣ ብረት ቆራጩም ቀና ብሎ አየ። «ከማክሰኞ ጀምሮ ላልቶ እንደሆነ አውቃለሁ! ልነግርሽ ስችል ዝም አልኩሽ!»

ብረቱ መቆረጡን አቆመ። ደወል እጇን ከጆሮዋ ላይ ቀስ ብላ አወረደች።